ስለ ዋናና ስለ ውኃ ነፍሳት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



ስለ ዋና ልናገር መሆኔን የሰሙ አንዳንድ ባልንጀሮቼ «ቢቸና ባሕር የት አለና?» ብለው ስቀውብኛል። እውነት ነው፥ ባሕር የለንም። ነገር ግን በክረምት ሱሃና ሙጋ ሞልተው ወደ ዓባይ ሲወርዱ ያየ ሰው አይስቅም። ከሞጣ በታች ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሰብሮ፥ «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ፥ ሰው ስንት ዓመት በገመድ እየተሳበ ይሻገር እንደ ነበረ አባቶቻችን ያውቃሉ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በክረምት እኔና አንድ የሞጣ ልጅ ባልንጀራዬ ወንዝ ስንሻገር ውኃው እርሱን ወሰደው። እኔ ዋና አላውቅምና ዳር ቆሜ ከመጮኽ በቀር ምንም አልረዳሁትም። አንድ እረኛ ዘሎ ገባና በጀርባው እየዋኘ፥ ባልንጀራዬን በደረቱ ላይ አድርጎ አወጣው። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ እረኛው ትምህርት ቤት አልገባም። በዚያ ቀን የተማረው ማን እንደ ነበረ እናንተው ፍረዱ።

ከዚያ ወዲህ ኩሬ ዳር እየተቀመጥሁ የውኃ ነፍሳትን መመልከት ጀመርሁ። ከነርሱ አንዷ በጀርባዋ ተንጋላ ሁለቱን ረጃጅም የኋላ እግሮቿን እንደ መቅዘፊያ ትቀዝፋለች፤ ልክ እንደ እረኛው። ጠላቂዋ የውኃ ጥንዚዛ ደግሞ በክንፏ ሥር አየር ይዛ ትወርዳለች። የኋላ እግሮቿ ጠጕር አላቸው፤ ውኃውን ስትገፋ ጠጕሩ ይዘረጋል፥ እግሯን ስትመልስ ይታጠፋል። የዋና ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ ስትገፋ ሰፊ፥ ስትመልስ ጠባብ መሆን። እንደ እንቁራሪት በደረቱ የሚዋኝ ሰውም እግሩን ሰብስቦ መልሶ፥ ከፍቶ የሚገፋው በዚሁ ሕግ ነው።

ስሙን ከነፍሳት የወሰደ ዋናም አለ፤ እርሱም የቢራቢሮ ዋና ነው። ዋናተኛው ሁለቱን ክንዶቹን ባንድነት ከውኃ በላይ እንደ ክንፍ ዘርግቶ ወደ ፊት ይወረውራል። ይህ ዋና ራሱን ችሎ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ነው። ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በዚያው ነበር፤ የላከችው ግን ሯጮችንና ብስክሌተኞችን እንጂ ዋናተኛ አልነበረም።

ጓደኞቼ! ጥንዚዛ በማየት ብቻ ዋና አይለመድም። እኔ የለመድሁት ያንኑ እረኛ ለምኜ፥ በበጋ፥ ወገብ በማያልፍ የረጋ ውኃ ነው። የክረምት ጎርፍ ግን ዋናተኛንም አይምርምና አትድፈሩት። ወላጆቻችንንና መምህሮቻችንን የምለምነው፥ ፊደል እንዳስቆጠራችሁን ሁሉ ለታናናሾቻችን ዋና የሚያስተምር ሰው እንድትፈልጉላቸው ነው።

ያ ባልንጀራዬ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጦ ይሰማኛል። በሚመጣው ክረምት ውኃ የሚወስደው ልጅ ግን እረኛ ላያገኝ ይችላል።