የመጀመሪያው ድምፅ ያገኘው መልስ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ወጣቱ የፖለቲካ ማንነቱን ከየት ያመጣዋል የሚል ነው። በሐዲያዋ ሆሳዕናና በከምባታዋ ዱራሜ ይህን ስጠይቅ አንዳንዱ «ከብሔሩ» ይለኛል፤ ሌላው «ከስልኩ» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ቀድሞ የሚመጣ ነገር አለ ባይ ነኝ፤ ወጣት ፖለቲካን የሚማረው ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ አንድ ነገር አድርጎ መልሱን ሲቀበል ነው።

የሀንጋሪ ተወላጁ የሶሺዮሎጂ ሊቅ ካርል ማንሃይም በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ ትውልድ በጻፈው ድርሳን፣ በአፍላነት ዕድሜ የታየው ነገር የኋላው ሁሉ መመዘኛ ሆኖ ይቀራል ብሏል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቴዎዶር ኒውኮምብ ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከወግ አጥባቂ ቤተሰብ ወጥተው ቤኒንግተን ኮሌጅ የገቡ ሴቶች አቋማቸው ሲለወጥ አየ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲጠይቃቸው አብዛኞቹ በኮሌጅ የያዙትን አቋም አልለቀቁም። የውጪውን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ቤታችን ልግባ።

ግንቦት 6 ቀን 1992 ዓ.ም አገር አቀፍ ምርጫ ነበር። በሐዲያ ዞን ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የሚመሩት ተቃዋሚ ድርጅት ይወዳደር ነበር። ፕሮፌሰሩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህር፣ በሽግግሩ ዘመንም የትምህርት ምክትል ሚኒስትር ነበሩ፤ ገበሬው እንደ ልጁ ያያቸው ነበር። በምርጫው ሰሞን ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በዞኑ ድምፅ አሰጣጡ በሰኔ ተደገመ። ሲቆጠር ተቃዋሚው የፓርላማ ወንበር አገኘ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ካርዱን የወሰደ ልጅ በአንድ ሰሞን ሁለት ነገር ተማረ፤ ድምፁ ሰው ከወንበር ማንሣት እንደሚችል፣ ይህም ዋጋ እንደሚያስከፍል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ኬቲል ትሮንቮል በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ውስጥ የገበሬዎቹ ቃል ይገኛል፤ ስለ ማስፈራራት፣ ስለ እስር፣ ስለ ጥይት ይናገራሉ። መሬት በጠበበበት፣ ኑሮ በእንሰት በቆመበት ደጋ፣ ቀበሌ ማለት ማዳበሪያ ነው፤ ብድር ነው፤ የግብር ደረሰኝ ነው። ከቀበሌ የተጣላ አባወራ የልጁን መታወቂያ ለማውጣት ስንት ጊዜ «ነገ ና» እንደሚባል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እናም ወላጅ ልጁን «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እያለ አሳደገ። ይህን ምክር ፍርሃት ነው ብለው የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቀውም፤ ከልምድ የተገኘ ዕውቀት ነው፤ ራሱም የፖለቲካ ትምህርት ነው።

በዚያው ሰሞን የደቡብ አፍሪካ መንገድ ተከፈተ። በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጦ፣ በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ በኩል ጆሃንስበርግ የሚያደርሰው መንገድ። የፍልሰት ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ ለዚህ ጉዞ ከድህነት ሌላ ምክንያቶችም ያነሣል። ከነዚህ አንዱ በምርጫው ማግስት የመጣው ጫናና ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ሌላው አንድ ካናዳዊ ወንጌላዊ ሆሳዕና ላይ ስለዚሁ ጉዞ ተናገረው የሚባለው ትንቢት ነው። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሥር በሰደዱበት አገር ትንቢት ቀላል ነገር አይደለም። የምርጫ ካርዱ ያላስገኘለትን ለወጣቱ እግሩ ያስገኝለት ጀመር። ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ሰፈር ላይ ሱቅ የከፈተው ልጅ ገንዘብ ላከ፤ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ቆመ፤ ለእረፍት ሲመጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ተነሥቶ ወንበር ይስብለታል። ይህን ያየ ታናሽ ወንድም አገሩን የሚመለከተው በዚያ ወንበር በኩል ነው። ስለ መንገዱ ሞት አያውቅም እንዳትሉኝ። መጋቢት 2012 ዓ.ም ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው መገኘታቸውን ሁሉም ሰምቷል። ሰምቶም ይሄዳል።

አገር ቤት ለቀረው ወጣት ሌላ ትምህርት ቤት ተከፈተለት። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የያኔው ገዢ ግንባር አባላትን በሚሊዮን መመልመል ያዘ፤ የወጣቶች ሊግ፣ ፎረም፣ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጣ። በ2002ቱ ምርጫ ግንባሩና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበር 545ቱን ወሰዱ። ተመራቂው የአባልነት ቅጽ ሞልቶ ሥራ ያዘ። እንዲህ ያለውን ወጣት ሆድ አደር ማለት ይቀናናል፤ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። አባቱ ከ1992ቱ መልስ ባወጣው ምክር ያደገ ልጅ ነው፤ ሌላ መልስ ማን አሳየው?

የወጣቱ አድራሻም ቢሆን አልረጋለትም። አንዲት የዱራሜ ቤት አስቡ። አያት በወጣትነታቸው አድራሻቸውን «ሸዋ፣ ከምባታና ሐዲያ አውራጃ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ርዕሰ ከተማቸውም ሆሳዕና። አባት «የደቡብ ክልል» ብሎ ጻፈ። ልጁ በከምባትኛ ፊደል ቆጥሮ፣ ኅዳር 2012 የሲዳማን ሕዝበ ውሳኔ በቴሌቪዥን አይቶ፣ «እኛስ መቼ?» ብሎ፣ በ2015 መጨረሻ «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል» የሚል አድራሻ አገኘ። ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮዎች ለዱራሜም ለሌሎችም ከተሞች ተከፋፈሉ። የሆሳዕናና የዱራሜ ወጣት ዛሬ የሚከራከረው የትኛው ቢሮ የት ይሁን፣ ማን ይቀጠር በሚለው ላይ ነው። ክርክሩ የዘር ይመስላል፤ ውስጡን ሲገልጡት ግን አብዛኛው የእንጀራ ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። በ1992 የተወለደው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው በ2013 ነበር። አባቱ በወጣትነቱ ተሰልፎ ድምፅ መስጠቱን ግን ከአባቱ አፍ አልሰማም፤ በእኔ ግምት ወጣቶቻችንን ከሁሉ በላይ የጎዳቸው ይህ ዝምታ ነው። የዚያን ጊዜው አፍላ መራጭ ዛሬ አርባዎቹን አጋምሷል፤ ሽማግሌዎቹ መራጮች እያለፉ ነው፤ ትዝታቸው ሳይጠፋ ይቀዳ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን አለ፤ ተማሪዎቹ ሐዲይኛም ከምባትኛም ይናገራሉ። በየክረምቱ ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱ መቅጃ ይዘው ይሂዱ፤ ያኔ የመረጠውንም፣ ያስመረጠውንም፣ ታዛቢ የነበረውንም፣ ፖሊሱንም ጭምር ይጠይቁ። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ማንም ጠያቂውን ተማሪ «ማን ላከህ?» እንዳይለው ነው። ይህን ዋስትና መስጠት የሚችሉ ሰዎች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።