ተመልሶ ለሚመጣ የብብት ሽፍታ ምን እናድርግ?

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ቁጠባም ስለ ብድርም አይደለም፤ ስለ ብብት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን ብብታችን እያሳከከን፣ እየቆሰለና እየጠቆረ ለማንም ሳንናገር የምንኖር ጥቂት አይደለንም። የምንደብቀው «ንጽሕና ጎድሏት ነው» እንዳንባል ነው። ብብት ግን ቆዳ ከቆዳ የሚተሻሽበት፣ ላብ ቶሎ የማይደርቅበት ቦታ ነው። ምጣድ ፊት ለምትውል እናት ደግሞ ይብሳል። በሳሙና ደጋግሞ መፈተግ፣ ሎሚና ጨው ማሸት የተቆጣውን ቆዳ ጭራሽ ያብሰዋል።

ሽፍታ የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። ዲኦዶራንት ውስጥ ያለው ሽቶ ያስቆጣው ሲሆን ብዙውን ጊዜ መሀል ጎድጓዳው ላይ ይወጣል። ከልብስ ቀለም ከሆነ ጎድጓዳውን ትቶ ልብሱ በሚያሸው ዳር ዳር ይታያል። ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከተመላለሰ ስኳርን መመርመር ጥሩ ነው። ሌሊት ብሶ የሚያሳክክና ቤተሰቡን የሚያዳርስ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። እንደ ብጉንጅ እየፈነዳ ጠባሳ የሚተው ሕመምም አለ፤ እሱ ከቆሻሻ አይመጣም፣ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ አንድ ቅባት እንዴት ይበቃል? ያለ ትእዛዝ የምንገዛቸው ብዙ ቅባቶች ስቴሮይድ አለባቸው፤ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ተጽፎባቸው ታገኛላችሁ። ማሳከኩን በጥቂት ቀን ጸጥ ያደርጉታል። ሽፍታው ፈንገስ ከሆነ ግን ቅላቱን ደብቀው ፈንገሱን ያስፋፉታል። የብብት ቆዳ ስስ ስለሆነ ሲቆይ ይሳሳል፣ የማይጠፋ ሸንተረርም ያወጣል። ሐኪም አይቶ፣ መጠኑንና ቀኑን ወስኖ ሲያዘው ግን ጠቃሚ መድኃኒት ነው።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መዝገባችንና የባንኩ ሂሳብ በየወሩ ካልታረቁ ልዩነቱን ሸፍነን አናልፍም፤ ምንጩን እንፈልጋለን። የራሴንም ሽፍታ የያዝኩት እንዲሁ ነው። ሐኪም ካየኝ በኋላ ብብቴን የሚነካውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ፦ የገላ ሳሙና፣ የልብስ ሳሙና፣ ዲኦዶራንት፣ ምላጭ፣ አዲስ ልብስ። አንድ በአንድ እያቆምኩ ቀኑን መዘገብኩ። ዲኦዶራንቱን ስተው ሽፍታው ጠፋ። ደብተርና እስክሪብቶ ለሁላችንም አይከብድም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣም ልብስ ላይ ሳሙና እንዳይቀር በደንብ እናለቅልቅ።

ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቃችሁ ካልተሻላችሁ፣ ከቆሰለ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጤና መድን ያላችሁ ሪፈር ማጻፍ አትርሱ። ብብት ውስጥ የማይጠፋ እብጠት ካገኛችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ፤ ከጡት ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላልና።

ከእኛ ከቤቴል ብዙም የማይርቀው የዘነበወርቁ አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። ዛሬ ማንኛውም የቆዳ ሕመም የሚታይበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። «አለርት ስትገባ አየናት» እንዳይባሉ ብለው የሚቀሩ እህቶች አሉ። ሥጋ ደዌም ቢሆን በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በሰው ወሬ ምክንያት ደጃችን ያለውን ሕክምና አንተው።

ብቻዋን መሄድ የከበዳት እህት ካለች ከስብሰባው በኋላ ታናግረኝ፤ አብረን እንሄዳለን።