የብልቃጡ ደምና የሰውየው ደም

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ደም ምርመራ ወረቀት ነው።

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎም ሆነ በሞያሌ የምትኖሩ ይህን ታውቃላችሁ። ጠዋት የታለበ ወተት በፀሐይ ሲጓዝ ውሎ ገበያ ሲደርስ ቢኮመጥጥ፣ ጥፋቱ የላሚቱ ነውን? አይደለም፤ የተበላሸው መንገድ ላይ ነው። ደምም እንዲሁ ነው።

በጤነኛ ሰው ደም፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነጭ የደም ሕዋሳት ይገኛሉ። በአንዳንድ የደም ካንሰር ሕመምተኞች ግን ከ100,000 ያልፋሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ እ.ኤ.አ. በ1845 በሽታውን «ነጭ ደም» ያለው ስለዚህ ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ብልቃጥ ከገቡም በኋላ በሕይወት አሉ፤ ስኳር ይበላሉ። በሰውነት ውስጥ ጉበት ስኳሩን ይተካል፤ በብልቃጥ ውስጥ ግን የሚተካ የለም። ብልቃጡ በሙቀት ለሰዓታት ከቆየ፣ ሰውየው ደኅና ሆኖ ሳለ ወረቀቱ «ስኳሩ እጅግ ወርዷል» ሊል ይችላል። ደግሞም የካንሰር ሕዋሳት በቀላሉ ስለሚፈነዱ፣ ብልቃጡ ሲንገጫገጭ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይፈስሳል። ያኔ ወረቀቱ «ፖታሲየሙ በጣም ጨምሯል» ይላል። ይህ ታምኖ ማውረጃ መድኃኒት ቢሰጥ፣ ደኅና የነበረው ፖታሲየም ከልክ በታች ይወርዳል፤ ይህም ራሱ ልብን ያውካል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ይጻፍ። ፊደልና ቁጥር የለያችሁ ሁሉ አንብቡት፤ ከሌለ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ስኳሩ ወርዷል ተብሎ ሰውየው ሳያልበው፣ ሳይንቀጠቀጥ ተቀምጦ ሲጫወት ብታዩ ለሐኪሙ ንገሩ። ከጣቱ በሚወሰድ ጠብታ ስኳሩ እዚያው ይለካል። ፖታሲየሙም ቢያጠራጥር የልብ ምቱ በመሣሪያ ይታያል፤ አዲስ ደም በእርጋታ ተቀድቶ ቶሎ ይመረመራል።

ሦስተኛ፣ ከነገሌ እስከ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል 600 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ወደዚያ ስትላኩ የቀድሞ ወረቀቶቻችሁን፣ በተለይም የነጭ ሕዋሳቱ ቁጥር ያለበትን፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ነገር ግን ተጠንቀቁ! ወረቀት ሁሉ ይዋሻል ማለታችን አይደለም። የካንሰር መድኃኒት ሲጀመር ሕዋሳቱ በሰውነት ውስጥ በብዛት ስለሚሞቱ፣ ፖታሲየም በእውነት ጨምሮ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን አትናቁ፣ መድኃኒትም በራሳችሁ አታቁሙ፤ ቶሎ ተመርምሮ ይረጋገጥ በሉ።

ቁጥሩን አንብቡ፤ ሰዓቱንም አንብቡ። ደኅና ሁኑ።