የጫካ ዳር አጥር የማን ዕዳ ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነገረ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አጥር ነው። ነገሩ ተራ መስሎ እንዳይታያችሁ እለምናለሁ። በከፋ፤ በጅማና በኢሉባቦር ጫካ ዳር የሚያርስ ገበሬ፤ በቆሎው እሸት ከያዘ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ ዕረፍት የለውም። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፤ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ይፈራረቁበታል። ሌሊት አባት ማማ ላይ ያድራል፤ ቀን ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይቆማል፤ ከትምህርት ቤትም ይቀራል። ስለዚህ የአጥር ጉዳይ የትምህርትም ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ለምን አያጥርም?» የሚል ይኖራል። ያጥራል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት አጥር ለአውሬ ሁሉ አይሆንም። የዱር አሳማ በአፍንጫው ምሶ ከሥር ይገባል፤ ለእርሱ የሚበጀው ከታች የጠበቀ አጥር ወይም ጥልቅ ቦይ ነው። ድኩላ ይዘልላልና ቁመት ያስፈልጋል። ዝንጀሮ ግን የእንጨቱን አጥር እንደ መሰላል ይወጣበታል፤ እርሱን የሚመልሰው ንቁ ጠባቂ ነው።

ደግሞም የደረቀ እንጨት ምስጥ ይበላዋል፤ አጥሩ በታደሰ ቁጥር ጫካው ይቆረጣል። እንደ አገሩ አየር ኮሽም፤ ቅንጭብ፤ ቁልቋል ወይም ቃጫ አጠጋግቶ መትከል ይሻላል፤ ሕያው አጥር ዓመት በዓመት ይጠነክራልና።

ዋናው ነገር ግን ወጪው ነው። አንዱ ብቻውን ቢያጥር አውሬው ጾሙን አያድርም፤ አጥሩን ተከትሎ ወደሚቀጥለው ማሳ ይዞራል። ከኋላ ያለው ጎረቤት በሰላም የሚተኛውም የፊተኛው ስለ ነቃ ነው። «ጫካ ዳር ማረሱን ማን አዘዘው?» ለሚሉም መልሱ ቀላል ነው፤ የዳሩ ማሳ ጦም ቢያድር ሁለተኛው ማሳ ዳር ይሆናል።

በጎረቤታችን በኬንያ የአበርዴር ጫካ ዙሪያውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ታጥሯል፤ ሥራው በ1989 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 ተፈጸመ፤ ርዝመቱም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ የታጠረው ጫካው እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ማሳ አይደለም። የእኛ ገበሬ ለሽቦው አቅም ባይኖረውም ሐሳቡን ለመውሰድ ገንዘብ አያስፈልገውም።

እኛ ደቦ አለን። ለአጨዳ የሚጠራው ደቦ ለጫካ ዳር አጥር ለምን አይጠራም? ከኋላ ያለው ገበሬ ችግኝ ያምጣ፤ ቦይ ይቆፍር፤ በጥበቃውም ተራ ይግባ። የአዋቂዎች ተራ ሲበዛ ልጁ ከማማው ወርዶ ወደ ትምህርቱ ይሄዳል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከእኛ ውስጥ ነገ በግብርና ሥራ ወደ ገጠር የሚሄዱ አሉ። ስለ አጥር ምክር ከመስጠታችሁ በፊት፤ የሚመጣው አውሬ ምንድን ነው? የሚጠብቀውስ ማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ የምንፈልገው አሳማ መመለስ ብቻ ነውና አይከብደንም።