የሐዋርያው ጴጥሮስ ስም፦ ከቫቲካን ኮረብታ እስከ ሽሮ ሜዳ

ሐዋርያው ጴጥሮስ በሮም፣ በኔሮን ቄሣር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ64 እስከ 67 ባሉት ዓመታት በሰማዕትነት እንዳረፈ የጥንት ትውፊት ይናገራል። እንደ ጌታው ለመሰቀል አይገባኝም ብሎ ቁልቁል እንዲሰቅሉት መለመኑ ይተረካል። በኢትዮጵያ ታሪኩን በስፋት ያደረሰው ወደ ግእዝ የተመለሰው ገድለ ሐዋርያት ነው።

ተቀበረበት በተባለው በቫቲካን ኮረብታ ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1506 ተጀምሮ በ1626 ተባረከ። ከዚሁ ሕንፃ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያነት ተሰጥቷል። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት እዚህ ተቀምጠው ነው፤ አውሮፓውያን የሚያውቋቸው «ኢትዮጵያዊው ጴጥሮስ» በሚል ስም ነበር። ሥራቸውን የደገፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ በእነዚያው ዓመታት የጴጥሮስን ስቅለት ሥዕል በማይክል አንጄሎ ያሠሩ ነበር። የግእዙ መጽሐፍና የግድግዳው ሥዕል በአንድ ደጋፊ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ መወለዳቸው ከዚህ ይበልጥ ሊነገርለት የሚገባ ታሪክ ነው።

በማይክል አንጄሎ ሥዕል ተዘቅዝቆ የሚሰቀለው ሽማግሌ አንገቱን ቀና አድርጎ ተመልካቹን በብርቱ ያያል። ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1601 በሣለው ላይ ደግሞ የሚጎላው የሰቃዮቹ ድካም ነው፤ ከክብደቱ ጋር ይታገላሉ። የኢትዮጵያ ሠዓልያን ግን ጴጥሮስን አብዝተው የሚሥሉት ከጳውሎስ ጋር ነው፤ አንዱ ቁልፍ፣ ሌላው ሰይፍ ይዘው ይቆማሉ። በዓላቸውም አንድ ነው፦ ሐምሌ 5። የሰኔ ጾም የሚፈታው በዚህ ቀን ስለሆነ፣ ገድሉን ያላነበበ ምእመን እንኳ ዕለቱን አይስተውም።

ይህ ጥንድነት በአዲስ አበባው ጉለሌ ክፍለ ከተማም ይታያል። ክፍለ ከተማው ውስጥ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዚያው ስም የሚታወቅ መካነ መቃብርም አለ። ሁለቱ ሐዋርያት በየስማቸው የሚጠሩ ሆስፒታሎችም አሏቸው። የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው፤ ለብዙ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ ኖሯል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 እንደሚተርከው፣ ጴጥሮስ ሲያልፍ ጥላው እንዲያርፍባቸው ሕሙማንን በአልጋ አድርገው ወደ አደባባይ ያወጡ ነበር። ከዚህ አንጻር ለሐዋርያው ከሕሙማን ቤት የተሻለ መታሰቢያ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1703 በስሙ የተቆረቆረችው ሴንት ፒተርስበርግ እንኳ በግዝፈቷ እንጂ በዚህ አትበልጠውም።

ስሙ በሰው ላይም አድሮ ሌላ ሰማዕትነት አይቷል። መምህር ኃይለ ማርያም በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ሲሾሙ አቡነ ጴጥሮስ ተባሉ። ለፋሺስት ወራሪ አልገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተባለውን ተውኔት ስለ እሳቸው ጽፏል። መታሰቢያ ሐውልታቸው ለባቡር መስመር ሥራ በ2005 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሷል።