ቦክስና የታዳጊዎች አንጎል

አቅራቢ፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚና የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ቦክስ ጭንቅላት ሆን ተብሎ የሚመታበት ስፖርት በመሆኑ ሕፃናትና ታዳጊዎች እንዳይሳተፉበት አጥብቀው መክረዋል።

ተባባሪ አቅራቢ፦ ሆኖም የራስ መከላከያ ያጠለቀ ልጅ ከጉዳት የተጠበቀ የሚመስላቸው ወላጆች አሉ።

አቅራቢ፦ መከላከያው የቅንድብን መሰንጠቅ ይቀንሳል እንጂ፣ አገጭ ላይ ያረፈ ቡጢ ጭንቅላትን በድንገት ሲያሽከረክረው በራስ ቅል ውስጥ ያለው ለስላሳ አንጎል እንዳይናጥ አያግደውም፤ የአንጎል መናወጥ የሚባለው ይህ ጉዳት፣ ልጁ ራሱን ባይስትም እንኳ፣ በራስ ምታት፣ በማዞርና ትምህርቱን መከታተል ባለመቻል ሊገለጥ ይችላል።

ተባባሪ አቅራቢ፦ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ለማገገም ረዘም ያለ ጊዜ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ጉዳት ሳይድን ሌላ ምት መቀበል ለሕይወት አስጊ ነው።

አቅራቢ፦ ገመድ መዝለሉና ከረጢት መምታቱ ይቀጥል፤ ፊት ለፊት መፋለሙ ግን ለልጅ ይቅርበት።