ስኳርን ስለ መተውና ስለ ሁለቱ ክሳት

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከግሽ ዓባይ፤ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም ሲኒ ውስጥ ስለሚገባው ስኳር ነው። ከመካከላችን ስኳር ትተው ክብደታቸው የቀነሰ አሉ። ነገር ግን በእኛ አገር መወፈር ምስጋና፤ መክሳት ሐዘን ነው። የወፈረውን «አምሮብሃል» ይሉታል፤ የከሳውን «ምነው፤ ምን ነካህ?» ይሉታል። ይህ የወላጆቻችን ሥጋት ያለ ምክንያት የመጣ ስላልሆነ ልንስቅበት አይገባም። ሰው ወዶ የሚያመጣው ክሳት አለ፤ ሳይወድ የሚመጣበት ክሳትም አለ። ሁለቱን ለይተን ካላወቅን በአንዱ ስንደሰት ሌላው ያመልጠናል።

ስኳር በአገራችን ጥንታዊ አይደለም። የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነበር። የጎጃም ጣፋጭ ማር ነው፤ እርሱም በጠጅና በብርዝ መልክ ለበዓልና ለሠርግ የሚቀርብ እንጂ በየቀኑ የሚጠጣ አልነበረም። ቡናውንም በጨው የሚጠጡ አረጋውያን በገጠራችን ዛሬም አሉ። አሁን ግን ስኳር የክብር ዕቃ ሆኗል። አራስ የሚጠይቅ ሰው፤ ከከተማ ወደ ዘመድ የሚሄድ ተማሪ፤ ቡናና ስኳር ይዞ ይገባል። ለእንግዳ የሚቀዳው ሻይ ስኳሩ ካነሰ አስተናጋጇ እንደ ንፉግ የተቆጠረች ይመስላታል። ስለዚህ ስኳርን መተው የአፍ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የይሉኝታም ጉዳይ ነው።

እስቲ አንድ ቀን የምንወስደውን እንቁጠር። አቦል፤ ቶና፤ በረካ ብለን በየሲኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ብንጨምር ስድስት ማንኪያ ይሆናል። ጧትና ማታ በምንጠጣው ሻይ ሦስት ሦስት ማንኪያ ብንጨምር ሌላ ስድስት ነው። አንድ ማንኪያ በግምት 4 ግራም ቢይዝ አሥራ ሁለቱ ማንኪያ ወደ 50 ግራም ይጠጋል። ከሰዓት በኋላ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከታከለበት ደግሞ በዚያ 300 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። ድምሩ 80 ግራም ሆነ ማለት ነው። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ስለሚሰጥ 80ው ግራም 320 ካሎሪ ነው። ይህን ሁሉ ወስደን «ዛሬ ምን በላህ?» ብንባል እንጀራውን እንናገራለን እንጂ ስኳሩን አናነሣም። የሚጠጣ ስኳር ሆድ አይሞላም፤ እንጀራውንም አያስቀንስም፤ በላዩ ላይ ይጨመራል እንጂ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከተጨማሪ ስኳር የሚመጣው ከመቶ 10 እጅ በታች እንዲሆን አሳስቧል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 ግራም ያህል ነው። ከመቶ 5 እጅ በታች፤ ማለት ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ብሏል። እንግዲህ እኛ የቆጠርነው ለስላሳው ሳይታከልበት እንኳ የመጀመሪያው ወሰን ላይ የደረሰ ነው።

ስኳር ሲቀነስ በእርግጥ ክብደት ይቀንሳልን? በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብዙ ሰዎች ላይ የተደረጉትን ሙከራዎች ሰብስበው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱን አሳተሙ። ሌላውን ምግባቸውን እንደ ፈቀዱ እየበሉ ስኳር ብቻ እንዲቀንሱ የተደረጉ አዋቂዎች በአማካይ 0.8 ኪሎ ቀነሱ። ይህ ብዙ አይደለም፤ ተአምር ለሚጠብቅ ሰው ቅር ያሰኛል። ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ስኳሩ ወጥቶ በምትኩ እኩል ካሎሪ ያለው ሌላ ምግብ በገባበት ሙከራ ክብደት አልተለወጠም። ስለዚህ የሚያከሳው ከስኳር ጋር መጣላት ብቻ አይደለም፤ የተወውን በሌላ በር አለማስገባት ነው።

በእኛ አገር ይህ ሌላ በር በተለይ ሁለት ነው። አንደኛው ማር ነው። «ስኳር ትቻለሁ» ብሎ ሻዩን በማር የሚያጣፍጥ ሰው አለ። የጎጃም ማር ክብሩ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከክብደቱ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ስኳር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያ ወሰን ውስጥ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ጾም ነው። በጾም ሥጋ፤ ወተትና ቅቤ ይከለከላል፤ ስኳር ግን አይከለከልም። ስለዚህ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ከወተት ርቀን ዳቦውን በጣፋጭ ሻይና በለስላሳ የምናወራርድ ብዙ ነን። ጾመን ብንወፍር አያስደንቅም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክሳት እንሻገር። እስካሁን ያልነው ሁሉ በከተማ ተቀምጦ ሰውነቱ ለከበደው ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ ማታ የሚበላው የማይበቃው የሰከላ ገበሬ ክብደት እንዲቀንስ የሚመክረው ሰው ቢኖር ሰሚም አያገኝ፤ ማግኘትም አይገባው። ከዚያም በላይ፤ ስኳር ሳይተው፤ ምግብም ሳይቀንስ የሚከሳ፤ ውሃ የሚጠማው፤ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሣ ሰው ሲገኝ ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። የበሽታው ስም ራሱ ያሳስተናል፤ ስኳር የሚባለው የሀብታምና የወፍራም ሰው ብቻ ይመስለናል። የጎንደር ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት ግን ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን መካከል ድኾችና ቀጫጭኖች ብዙ መሆናቸውን አሳይቶ፤ የምግብ እጥረት በበሽታው ውስጥ ስላለው ድርሻ ጥያቄ አንሥቷል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። እንዲህ የሚከሳውን ሰው «ስኳር ተው» ብሎ መምከር አይበቃም፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ደሙን ማስመርመር ይገባዋል። መድኃኒት የጀመረውም ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን እንዳይለውጥ፤ የደሙ ስኳር ድንገት ሲወርድበት ሕይወቱን የሚያተርፈው ያው የምንሸሸው ስኳር ሊሆን ስለሚችል ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፤ ስኳሩን በአንድ ቀን ከመተው ይልቅ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እንቀንስ፤ ምላስ ይለምዳል። ሁለተኛ፤ በማኅበራችን ስብሰባ ስኳሩ ከሻዩ ጋር ተበጥብጦ አይቅረብ፤ ለብቻው ይቀመጥና የፈለገ ይጨምር። ሦስተኛ፤ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ በስኳሩ ፈንታ ቡናውን እናብዛ፤ ሳሙናም እንጨምርበት፤ ክብሩ አይጎድልም። አራተኛውና ዋናው፤ በየቤታችን ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ካየን ምርመራ ሳያደርግ ወደ ትምህርታችን አንመለስ።